የሱረት ቆርቆሮ ዘበኞች

ንታቴ ሌሲባ ፋሻ ሞትን የሚፈሩ ሰው አይደሉም። የሚፈሩት ቀብራቸው ላይ የሚኖረውን ሙዚቃ ነው።

እኛ እዚህ ሰፈራችን ማሜሎዲ ውስጥ፣ አዛውንቱን «ንታቴ»፣ ጓደኛን «ብራ» ብለን በምንጠራበት፣ «የእሁድ ጨዋዎች» የሚባል የጃዝ አድማጮች ማኅበር አለን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባርኔጣችንን ደፍተን፣ ባለ ሁለት ቀለም ጫማችንን ፊታችን እስኪታይበት ወልውለን፣ በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ አባል አንድ ሸክላ ይዞ ይመጣል። ተራው ሲደርስ ይነሳና ስለ ሸክላው ጥቂት ይናገራል፤ ከዚያ ሸክላው ይሽከረከራል፣ እኛም እንደንሳለን። እያንዳንዳችን የየራሳችን መሣሪያ አለን፤ በእጃችን ግን ምንም የለም። ጥሩምባ የደረሰው አየሩን ይነፋል፤ ከበሮ የደረሰው አየሩን ይደበድባል፤ ፒያኖ የደረሰው የሰው ጠረጴዛ ላይ ጣቶቹን ያሯሩጣል። ፊታችንን ግን ሁልጊዜ ወደ ስፒከሩ እናዞራለን። ለሚጫወት ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው፤ ሰውየው ባሕር ማዶ ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፈውም።

አባል ሲሞት ስፒከርና ጄኔሬተር ጭነን መቃብር ስፍራ እንወርዳለን። ፓስተሩ የድርሻቸውን ጨርሰው አፈሩ መውረድ ሲጀምር የሟቹ ሸክላ ይከፈታል፣ እኛም ጉድጓዱን ከበን የየመሣሪያችንን እንጫወታለን። ከሩቅ ለሚያየን ሰው ንብ የወረረን እንመስላለን። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ክብር በምድር ላይ የለም። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህንን አይተው ሃይማኖታቸውን ሊቀይሩ እንደነበር ይወራል፤ ሃይማኖት አለመሆኑ ሲነገራቸው አዝነው ተመልሰዋል።

ክብሩ የሚገባው ግን ቤቱን ለከፈተ አባል ብቻ ነው። ቤት መክፈት ማለት ማኅበሩን በገዛ ሳሎን፣ በገዛ ስፒከር፣ የመጨረሻው አባል ሸክላውን እስኪያጫውት ድረስ ያለ እክል ማስተናገድ ነው። መሐል ላይ ስፒከር ከተቀደደ ወይም ቤቱ ዝም ካለ፣ ቤቱ አልተከፈተም። ቤት ያልከፈተ ሰው ሲሞት እኛም እንሄዳለን፣ መሄዱንስ እንሄዳለን፤ ግን እጃችንን ኪስ ከተን ከኋላ እንቆማለን፣ ሰውየውም በመዝሙር ብቻ ይሸኛል።

ንታቴ ሌሲባ ፀጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አባል ናቸው። የስንቱን ጉድጓድ ከበው የማይታይ ሳክስፎን ነፍተዋል። ቤታቸውን ግን ከፍተው አያውቁም። ምክንያቱ ስፒከሮቻቸው ናቸው።

ስፒከሮቹ የጫማ ካርቶን የሚያክሉ፣ እንግሊዝ አገር የተሠሩ አሮጌ ጥንዶች ናቸው። ንታቴ ሌሲባ የስልክ መስመር ሠራተኛ በነበሩበት ዘመን ወደ ባሕር ዳርቻ የሚዛወር አንድ የጥርስ ሐኪም «ውሰዳቸው» ብሎ የሰጣቸው ናቸው። ድምፃቸው ሌላ ነው። ዘፋኝ ከመዝፈኗ በፊት ከንፈሯን ስታላቅቅ ይሰማል። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ዘፋኝ በእነዚህ ስፒከሮች ስታዜም፣ የንታቴ ሌሲባ ባለቤት ማ ሞሎጋዲ ከመኝታ ቤት ብቅ ብለው «ማን ናት?» ብለው ጠይቀዋል። በጥያቄ ብቻም አልተመለሱም፤ ከሶፋው ኋላ ተመልክተዋል።

ችግሩ ቤዙ ነው። ያ ቆሞ የሚመታው፣ የሰው ቁመት ያለው ትልቁ ቤዝ ሲጀምር የስፒከሮቹ ወረቀት እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ይነፋል፣ ይሳሳባል፣ ከዚያ ያስላል። ወረቀቱ አርጅቷል። ከተቀደደ የሚተካው የለም፤ የሠሩት ሰዎችም ስፒከሩን ሠርተው በዕድሜ አልፈዋል።

በማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ቤዝ የሚጫወተው ብራ ፒስተን ነው። የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ዛሬም ሲያወራ ሞተር ከሥሩ የሚሠራ ይመስለዋል። እንግዳ ቤት ሲገባ መጀመሪያ መዳፉን የስፒከሩ አፍ ላይ ዘርግቶ የሚገፋውን ነፋስ ይለካል። «ሰውየውን ሰላም ማለት ነው» ይላል። የንታቴ ሌሲባን ስፒከሮች ባየ ቁጥር ደግሞ አይምራቸውም።

«ብራ ሌሲ፣ እነዚህን ልጆች ጡት ያስጣልካቸው መቼ ነው?»

«ሳቅ። አንድ ቀን በእነሱ ትቀበራለህ።»

«እኔ እንኳ ቤቴን ስለከፈትኩ የምቀበርበት አለኝ። አንተን ነው እንጂ፣ ማ ሞሎጋዲና የቤተ ክርስቲያን የእናቶች ኅብረት ቀስ እያሉ እየዘመሩ የሚያወርዱህ!»

ሌላው ሰው ይህን ቀልድ ብሎ ያልፈዋል። ንታቴ ሌሲባ ግን ቤታቸው ሄደው እራት አይበሉም።

መፍትሔው የመጣላቸው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። ተራ አስከባሪው ሁለት ወፍራም ሴቶችን ከበር መልሶ «እናንተ በአውቶቡስ! ይህቺ መኪና ትፈነዳለች!» ሲል ሰሙ። ሴቶቹ የመለሱለት እዚህ አይጻፍም። ንታቴ ሌሲባ ግን መኪናዋ ሳትነሳ ወርደው በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ወፍራሙን ድምፅ ከትንንሾቹ ስፒከሮች በር ላይ መመለስ፣ በሌላ ትልቅ መኪና መላክ። ይኸው ነው።

ትልቁ መኪና ተሠራ። በሰፈራችን ትልቅ ሣጥን አሳምሮ የሚሠራ አናጢ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሬሣ ሣጥን ሠሪ ነው። ስለዚህ የቤዙ ሣጥን የነሐስ እጀታዎች ኖሩት፣ በቫርኒሽ አበራ፣ ቁመቱም የሰው ሆነ። አናጢው መስቀሉን እንዲተው ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀ። ድምፁን የሚያጎላ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ይህ ሣጥን ወፍራም ወፍራሙን ብቻ እንዲያወጣ ተደርጎ ሳሎኑ ጥግ፣ ከመጋረጃ ኋላ ቆመ። ማ ሞሎጋዲ ሳሎኑን በጎን በጎን ማለፍ ጀመሩ።

የቀረው ዘበኛው ነበር። ከሸክላ ማጫወቻው መቆጣጠሪያ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው ሽቦ መሐል የሚገባ፣ ቀጭኑን ድምፅ አሳልፎ ወፍራሙን የሚያስቀር ማጣሪያ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ካፓሲተር የምትባል አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ናት። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ ዘበኛው ምን ያህል ጥብቅ እንደሚሆን የሚወስነው ዘበኛው ራሱ ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለው ጌታ ነው። ጌታው፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ፣ በብዛት የሚጠጣ ከሆነ በሩ ላይ ግፊያ ይነሳል፤ ቀጫጭኖቹ ሾልከው ይገባሉ፣ ወፍራሞቹ ይቀራሉ። ጌታው ጠብታ ጠብታ የሚጠጣ ከሆነ ግን ግፊያ የለም፤ ወፍራሙም ተረጋግቶ፣ ሆዱን ሰብስቦ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ማጣሪያ እንደ ሱፍ ልብስ በልክ ይሠራል እንጂ ተሠርቶ አይሰቀልም።

ንታቴ ሌሲባ የአምፕሊፋየራቸውን ልክ ለማወቅ አንድ ክረምት ሙሉ ለኩ። ለክተው ካልኩሌተር መቱ፤ በካልኩሌተሩ ስላልረኩ ሌላ ካልኩሌተር ተዋሱ። ለግራና ለቀኝ ሁለት ማጣሪያ በየዱ። ከውጭ የሚገባውን የ«እዝዝ» ድምፅ ብረት ስለሚከለክል፣ የሟች አማታቸው ሁለት የሱረት ቆርቆሮዎች ውስጥ አስገቧቸው። ቆርቆሮዎቹ ታጥበው ነበር፤ በደንብ ግን አልነበረም። ለሙከራ የመጀመሪያው ሸክላ ሲጫወት ሳክስፎኑ አስነጠሰ የሚሉ አሉ። እኔ አልነበርኩም።

ከማስነጠሱ በቀር ውጤቱ ተአምር ነበር። ትንንሾቹ ስፒከሮች ከባድ ሻንጣ ከጀርባቸው እንደወረደላቸው ሰዎች መዝፈን ጀመሩ። ቤዙ ከሣጥኑ እየተንከባለለ መጥቶ የመስኮት መስታወት ነካ። ንታቴ ሌሲባ ባርኔጣቸውን አድርገው የማኅበሩ ሊቀመንበር ንታቴ ኤልፋስ ቺልዋኔ ቤት ሄዱ።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ቤቴን መክፈት እፈልጋለሁ።»

ንታቴ ኤልፋስ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። «ሐኪም የነገርዎት ነገር አለ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ስፒከሮቼ ተሽሏቸዋል።»

ቀኑ ተቆረጠ።

አሁን ስለ ጎጎ መናገር አለብኝ። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ የእኛ ጎጎ ደግሞ ማኅበሩ ሲመሠረት የተገዙ፣ በውስጣቸው እንደ ሻማ የሚበሩ የመስታወት አምፖሎች ያሏቸው አሮጌ አምፕሊፋየር ናቸው። አንድ አባል ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን ሲከፍት ጎጎ የግድ ይገኛሉ። ትራስ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በዳንቴል ተሸፍነው፣ አራት ሰው ተሸክሟቸው ይገባሉ። ሲገቡ ባርኔጣ ይወልቃል። ስማቸው ከአባላት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ አንድ ዓመት ለገንዘብ ያዥነት ተጠቁመው በጥቂት ድምፅ ወድቀዋል።

በዚያ እሁድ ጎጎ ሲመጡ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ንታቴ ሌሲባ ነበሩ። በክብር አስገቧቸው፣ በክብር አስቀመጧቸው። የራሳቸውን አምፕሊፋየር ነቅለው ቦታውን ለቀቁላቸው፤ ሁለቱን ቆርቆሮዎችም በገዛ እጃቸው ከጎጎ ጀርባ ሰኩ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይህ ቆርቆሮ ምንድን ነው?»

«የስፒከሮቼ ዘበኞች ናቸው።»

«ጎጎን ያከብራሉ?»

«እጅግ በጣም!»

ሊቀመንበሩ ፈቀዱ። ማ ሞሎጋዲ የዝንጅብል ቢራ አዞሩ። የመጀመሪያው ሸክላ ተሽከረከረ፤ ጥሩምባ ነበር፤ ጥሩምባ ያላቸው አባላት ተነስተው አየሩን ነፉ። ንታቴ ሌሲባ በር አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ እንደ ሙሽራ አባት ፈገግ ብለው ስፒከሮቻቸውን ተመለከቱ።

ወረቀቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መጀመሪያ ዓይናቸውን ጠረጠሩ። ቀረብ አሉ። ከጥሩምባው ሥር ያለው ቤዝ «ዱም» ባለ ቁጥር ወረቀቱ ወደ ፊት ይዘልላል። ዘበኞቹ ተኝተዋል። ንታቴ ሌሲባ ወደ ጎጎ ዞረው አዩ፤ ዳንቴሉን፣ ትራሱን፣ በዳንቴሉ ቀዳዳ የሚታየውን ቀይ ብርሃን። እዚያው ቆመው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንዳችንም ያላሰብነው ነገር ገባቸው።

ጎጎ አምፕሊፋየር ናቸው።

የስንቱን ሰው ቤት ሲያስከፍቱ ተሸክመዋቸዋል። ልደታቸውን አክብረውላቸዋል፤ አንድ አምፖላቸው የተቃጠለ ጊዜ ሄደው ጠይቀዋቸዋል። ከጀርባቸው ሽቦ የሚገባባቸው፣ የራሳቸው የአጠጣጥ ልክ ያላቸው ዕቃ መሆናቸውን ግን ክረምቱን ሙሉ ሲለኩ አንድ ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ጎጎ ደግሞ እንደ ማንኛዋም ጨዋ አሮጊት ጠብታ ጠብታ ነው የሚጠጡት። በሩ ላይ ግፊያ የለም። ወፍራሙ ሁሉ ሆዱን ሰብስቦ እያለፈ ነው።

ሁለተኛው ሸክላ ከመጀመሪያው ወፈረ። ሦስተኛው ሲጫወት የግራው ስፒከር አንድ ጊዜ አሳለ። ንታቴ ሌሲባም አብረውት «እህ፣ እህ» አሉ፣ እንዳይታወቅ። በመጨረሻ የሚያቀርበው ብራ ፒስተን ነበር፤ ብብቱ ሥር የያዘው ሸክላ ደግሞ ከጀርባ እስከ ፊት ቤዝ ነው። ያ ሸክላ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ከወጣ ዳግመኛ ወረቀት አይሆኑም፤ ንታቴ ሌሲባም በቀስታ እየተዘመረላቸው ይወርዳሉ።

መድኃኒቱን ያውቁታል። ከጎጎ ጎን ሆኖ አብሯቸው የሚጠጣ አንድ ሰው ማስቀመጥ ነው፤ በየቆርቆሮው ውስጥ ሬዚስተር የምትባል አንዲት ትንሽ ዕቃ፤ ያኔ በሩ ላይ ግፊያው ይመለሳል። ሬዚስተሮቹ ወጥ ቤት፣ የማርጋሪን ዕቃ ውስጥ አሉ። የሌለው ጊዜ ነው። በሸክላና በሸክላ መሐል የሚፈቀደው የአቅራቢው ንግግር ብቻ ነው፤ ንግግር ሳይኖር ቤቱ ዝም ካለ ደግሞ አለቀ።

ከብራ ፒስተን በፊት የሚያቀርቡት ሊቀመንበሩ ነበሩ። ንታቴ ኤልፋስ ስለ ሸክላ ሲናገሩ ሰው ሳይጨርሱ ጡረታ ይወጣል። ንታቴ ሌሲባ እጃቸውን አወጡ።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ከመጫወቱ በፊት ስለ ከበሮ መቺው ሕይወት ሰፋ አድርገው ቢያስረዱን?»

ሳሎኑ በአንድ ላይ ዞሮ አያቸው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ማኅበሩ ውስጥ ተጠይቆ አያውቅም። ብራ ፒስተን ጮክ ብሎ፣ «ብራ ሌሲ፣ ምን አደረግንህ?» አለ።

ንታቴ ሌሲባ ዳንቴሉን የሚያስተካክሉ መስለው፣ የጎጎን ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ ሁለቱን ቆርቆሮዎች ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ወጥ ቤት ገቡ።

ማ ሞሎጋዲ የሞጎዱ ድስቱን እያማሰሉ ነበር፤ የጨጓራው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ባላቸው መበየጃውን ሰክተው የማርጋሪን ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፉ አዩ።

«የቱሚሾ አባት፣ ዛሬ ደግሞ ከጨጓራው ጋር ሽቦ ልታበላን ነው?»

«ዘበኞቹ ተኝተዋል። ለጎጎ የሰፋኋቸው አይደሉም።»

«ጎጎ ምን አገባቸው?»

«አምፕሊፋየር ናቸው።»

ማ ሞሎጋዲ ማማሰያውን አቆሙ። «ውይ!»

«አየሽ? አንቺም ረስተሽዋል። መነጽሬ እዚያ ሸክላ ማጫወቻው ላይ ቀረ። ስጪኝ የአንቺን።»

የሚስታቸውን መነጽር፣ ከነዶቃ ሰንሰለቱ አደረጉት።

«እንዲያው ይህን ሁሉ መከራ ለቀብር?» አሉ ማ ሞሎጋዲ። «እናቶች ኅብረት እያለን! ቀይ ጃኬታችንን ለብሰን ግራና ቀኝ ተሰልፈን ነው የምንሸኝህ።»

«አውቃለሁ። ሁሉንም መዝሙር ሁሉንም አንቀጽ ነው የምትዘምሩት። ይሰለቸኛል።»

«ሞተህ እንዴት ይሰለችሃል?»

«ሞሎጋዲ፣ እኔ የሰው ጉድጓድ ላይ ስንት ጊዜ ጨፈርኩ። አንድ ቀን ለእኔ ቢጨፈር ምናለ? ያን ያህል ነው የምፈልገው።»

ማ ሞሎጋዲ ድስቱን እንደገና ማማሰል ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ከሳሎን የንታቴ ኤልፋስ ድምፅ ተሰማ፤ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ወንድሞቼ... በዚህ ማኅበር ስናገር ኖሬአለሁ። ‹ጨምሩልን› ያለኝ ግን ማንም የለም። ዛሬ... ይቅርታ... ምንም አልመጣልኝም።» ወንበር ተንቋቋ፤ ንታቴ ኤልፋስ ተቀመጡ፣ መሐረብም ተሰማ።

ወጥ ቤት ውስጥ መበየጃው ገና መሞቁ ነበር። ሳሎኑ ዝም ሊል አንድ ትንፋሽ ቀረው። ንታቴ ሌሲባ ከመነጽሩ በላይ ሚስታቸውን አዩ። ማ ሞሎጋዲ ማማሰያቸውን እንደያዙ፣ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፣ ሳሎን በር ላይ ሄደው ቆሙ።

«ምግብ ደርሷል» አሉ። «እንጸልይ!»

ባርኔጣ ወለቀ። ዓይን ተጨፈነ። የእናቶች ኅብረት ጸሎት መሪ «እንጸልይ» ካሉ የሚያስቆማቸው የተወለደ ሰው የለም።

ስለ ምግቡ ጸለዩ። ስለ ላሚቱ ጸለዩ፣ ስለ ሆድ ዕቃዋም ለየብቻ። ስለ ሊቀመንበሩ ጉልበት፣ ስለማይመጣው ባቡር፣ መብራት ስለሚያጠፉብን ባለሥልጣናት፣ እነሱም ቤት ጨለማ ስለመኖሩ ጸለዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በስም ገቡ። «ዓርብ ማታ ለሚስቱ ስብሰባ ነው እያለ የሚወጣውን ፒስተንን ወደ ስብሰባው እንዲደርስ እርዳው» አሉ። እኔንም ጠቅሰውኛል፤ ያሉትን ግን አልደግመውም። የተቃጠለ የመበየጃ ስታኞ ሽታ ከሞጎዱ ሽታ ጋር እየተቀላቀለ ይመጣ ነበር፤ ማንም ዓይኑን አልገለጠም። ለእስራኤል ልጆች እየጸለዩ ሳሉ አንድ ነገር ምንጣፉ ላይ ሲሳብ ሰማን። ባሕሩ እስኪከፈል ተሳበ። ባሕሩ ሲገጥም ከጎጎ ኋላ «ቀጭ፣ ቀጭ» አለ።

«አሜን» አሉ ማ ሞሎጋዲ።

ዓይናችንን ስንገልጥ ንታቴ ሌሲባ ባለ ዶቃ መነጽር አድርገው፣ ጉልበታቸው የምንጣፍ ጸጉር ለብሶ፣ ከጎጎ አጠገብ ቆመዋል። የሊቀመንበሩ ሸክላ ተጫወተ። ስፒከሮቹ አልተንቀጠቀጡም። ንታቴ ሌሲባ ተነፈሱ።

ከዚያ ብራ ፒስተን ተነሳ። ሸክላውን አስቀመጠ፣ ክራባቱን አላላ፣ መዳፉን ዘርግቶ ወደ ግራው ስፒከር ሄደ። ቤዙ ጀመረ። የሻይ ማንኪያዎቹ ስኒ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ መስኮቱ ተንኮሻኮሸ፣ የእኔ ጥርስ፣ ያውም የራሴ ያልሆነው፣ ድድ ላይ ተንሸራተተ። ብራ ፒስተን ግን መዳፉን ከስፒከሩ አፍ ላይ አላነሳም። ወደ ቀኙ ሄደ። ተመለሰ። ፊቱ ጠቆረ።

«ሰውየው የለም» አለ።

«እንዴት የለም? ቤቱ እየፈረሰ!» አሉ ንታቴ ሌሲባ።

«እጄ ላይ ነፋስ የለም። ድምፅ አለ፣ ሰው የለም። ወዴት ዞሬ ልጫወት? ጀርባዬን የሰጠሁት ለማን እንደሆነ ሳላውቅ?» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ክቡር ሊቀመንበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና ጸሎት ላይ አንድ ዓይኔ ክፍት ነበር። ይህ ሰው በሆዱ ሲሳብ አይቻለሁ። ቆርቆሮ ይዞ። ቤዙን ከስፒከሩ ያወጣው እሱ ነው!»

ቤዙ ብቻውን እየተጫወተ ሁላችንም ንታቴ ሌሲባን አየን። ላብ በዶቃው ሰንሰለት ላይ ይንጠባጠባል። ስፒከሮቹ ድነዋል፣ እሳቸው ግን ሊጠፉ ነው።

«አላወጣሁትም» አሉ በመጨረሻ። «ቤት ቀየርኩለት።» ሄደው መጋረጃውን ገለጡ።

ብራ ፒስተን ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች አየው። ወደ እሱ የሄደው ቀስ ብሎ ነበር፣ ሰው የሞተበት ቤት እንደሚገባ። መዳፉን ሣጥኑ ፊት ላይ አደረገ። ነፋሱ የሸሚዙን እጅጌ ነፋው። ሌላውን እጁን ጨመረ። ከዚያ ጉንጩን ለጠፈ።

«አለ» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ነው ያለው። ሙሉ ቪላ ለብቻው ተከራይቶ!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማስረዳት ይከብዳል። ብራ ፒስተን ዕድሜውን ሙሉ አየር ሲያቅፍ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን የሚያቅፈው አገኘ። ሣጥኑን በአንድ እጁ ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ በሌላው ሆዱን እየዳበሰ ተጫወተ። እኛም ስፒከሮቹን ትተን ወደ ሣጥኑ ዞርን። ሸክላው ሲያልቅ እሱ አላለቀም፤ ሁለት ሰው ይዞ አስቀመጠው።

ሊቀመንበሩ ተነሱ። «ሁለት ነገር መወሰን አለብን» አሉ። «በሆድ መሳብ ደንባችን ውስጥ አልተከለከለም። የቀረው፣ ጸሎቱ ሲደረግ ቤቱ ዝም ብሏል ወይስ አላለም የሚለው ነው።»

ማ ሞሎጋዲ ማማሰያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ነበሩ። «ዝም ብሏል የሚል አለ?»

የሚል አልነበረም።

«እንግዲያው ንታቴ ፋሻ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ቤትዎ ተከፍቷል። ከዛሬ ጀምሮ በፈለጉት ጊዜ መሞት ይችላሉ።»

አጨበጨብን። ንታቴ ሌሲባ ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ። ሰው እንዲህ በደስታ የሞት ፈቃድ ሲቀበል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህ ከሆነ ቆይቷል፤ ንታቴ ሌሲባ ግን እስካሁን በፈቃዳቸው አልተጠቀሙም። እንዲያውም ጤናቸው ተሻሽሏል፤ አንዳንድ አባላት ይህን እንደ ውለታ ቢስነት ይቆጥሩታል። ብራ ፒስተን በየእሁዱ «ዛሬስ እንዴት አደርክ?» ሲላቸው «በጣም ደህና» ይሉታል፣ እሱም ቅር ብሎት ይቀመጣል። ስለ ቀብራቸው የቀረ ነገር ቢኖር የፕሮግራሙ ጉዳይ ነው። ማ ሞሎጋዲ «እናቶች መጀመሪያ ይዘምራሉ፣ ሁሉንም አንቀጽ» ይላሉ። ንታቴ ሌሲባ «መጀመሪያ ሸክላው፣ ሁለቱም ገጽ» ይላሉ። ማታ ማታ እራት ላይ ይከራከራሉ፤ አንዳቸውም አልተበገሩም። እስኪስማሙ ድረስ ደግሞ ሰውየው እንዴት እንደሚሞቱ እኛ አልገባንም።